ፊሽካው ከመነፋቱ በፊት፦ በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች ሜዳዎች ለሚዳኙ የተዘጋጀ የኦፍሳይድ መመሪያ

በነቀምቴ የወለጋ ስታዲየም በሚደረግ የሊግ ጨዋታም ሆነ በጉቴ፣ በሲሬ፣ በአርጆ ወይም በጊምቢ በሚካሄድ የትምህርት ቤትና የሰፈር ውድድር፣ ዳኛን ከተጫዋች፣ ደጋፊን ከደጋፊ የሚያጋጨው ውሳኔ ብዙውን ጊዜ ከጨዋታ ውጪ መሆንን፣ በተለምዶ አጠራር ኦፍሳይድን የሚመለከት ነው። ክርክሩ ይበልጥ የሚበረታው ኳሱ ወደ አጥቂው ሲጓዝ የተከላካይ አካል ነክቶ በሚያልፍበት ጊዜ ነው፤ አንዱ ወገን ተከላካዩ ስለነካው ኦፍሳይድ የለም ሲል ሌላው ኳሱ ተጨረፈ እንጂ ተከላካዩ አልተጫወተውም ይላል፣ ረዳት ዳኛው ባንዲራውን አንስቶ ዋናው ዳኛ ጨዋታውን ሲያስቀጥል ደግሞ ግማሹ ተጫዋች ቆሞ ይከራከራል፣ ግማሹ ወደ ጎል ይሮጣል።

ይህ ግራ መጋባት በአብዛኛው የሚመነጨው ከዓይን ድክመት ሳይሆን ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ካለመጠየቅ ነው። የኦፍሳይድ ውሳኔ አንድ ጥያቄ ቢመስልም በውስጡ አራት ጥያቄዎችን ይዟል፤ ተጫዋቹ የት ነበር፣ ኳሱ በማን መቼ ተነካ፣ ተጫዋቹ በጨዋታው ተሳተፈ ወይ፣ በመካከል የተከላካይ ንክኪ ካለ ንክኪው ምን ዓይነት ነው የሚሉት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በዓይን የሚታዩ ሲሆኑ የኋለኞቹ ሁለቱ ፍርድ የሚሹ ናቸው፤ ያየውን ከፈረደው ለይቶ የሚይዝና አራቱንም በተራ የሚመልስ ዳኛ ሜዳው ጭቃ ቢሆንና ደጋፊው ቢጮህም ውሳኔው ይጸናል። የሚከተሉት ደረጃዎች የተዘጋጁትም ይህን ቅደም ተከተል ለማስያዝ ነው።

የችግሩ ባሕርይ

ተመሳሳይ ችግር በሌሎች ስፖርቶችም ይታያል። ከቤዝቦል በወጣውና ኳስ በዱላ በሚመታበት የሶፍትቦል ጨዋታ፣ ሦስት ጊዜ ያልተሳካለት መቺ በደንቡ ከጨዋታው ይወጣል፤ ነገር ግን ፈጣን ውርወራ ባለበት የሶፍትቦል ዓይነት፣ ከመቺው ኋላ የሚቀመጠው ተቀባይ ሦስተኛውን ኳስ መሬት ሳይነካ ካልያዘውና የመጀመሪያው ማረፊያ ባዶ ከሆነ፣ ወይም የመቺው ቡድን አስቀድሞ ሁለት ተጫዋቾች ወጥተውበት ከሆነ፣ መቺው ወደ ማረፊያው የመሮጥ መብት አለው። ይህን ያላስተዋለ ተጫዋች ነገሩ አበቃ ብሎ ሲቆም ያስተዋለው ይሮጣል። እንደዚሁም መቺው ዱላውን ማወዛወዝ ጀምሮ ሲገታው ሙከራው ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለውን ከኋላ የቆመው ዋና ዳኛ በግልጽ ካላየ፣ የተሻለ ማዕዘን ያለውን የማረፊያ ዳኛ ይጠይቃል። ከዚህ ለእግር ኳስ ዳኛ የሚጠቅሙ ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ፤ የመጀመሪያው ዳኛው እስካላቆመው ድረስ ኳሱ በጨዋታ ላይ መሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው የፍርድ ጥያቄ የተሻለ ላየ ሰው መቅረብ እንዳለበት ነው።

የኦፍሳይድ ሕግ ራሱ በየዘመኑ ተሻሽሏል። እስከ እ.ኤ.አ. 1925 ድረስ አጥቂው ከጨዋታ ውጪ እንዳይሆን በእርሱና በጎሉ መስመር መካከል ሦስት ተቃራኒ ተጫዋቾች እንዲኖሩ ይጠየቅ የነበረ ሲሆን በዚያ ዓመት ቁጥሩ ወደ ሁለት ዝቅ አለ፤ እ.ኤ.አ. 1990 ደግሞ ከሁለተኛው የመጨረሻ ተከላካይ ጋር እኩል የቆመ አጥቂ በትክክለኛ ቦታ ላይ እንዳለ እንዲቆጠር ተወሰነ። የተከላካይን ንክኪ የሚመለከተው የቅርብ ጊዜ ማብራሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 ነው። ለማብራሪያው መውጣት ትልቅ ምክንያት የሆነው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 10 ቀን 2021 በሚላን በተደረገው የአውሮፓ ኔሽንስ ሊግ ፍጻሜ ኪሊያን ምባፔ በስፔን ላይ ያስቆጠረው ጎል ነው፤ የስፔኑ ተከላካይ ኤሪክ ጋርሲያ ተንሸራቶ እግሩን ዘርግቶ ኳሱን ስለነካ፣ ከጨዋታ ውጪ ቦታ ላይ የነበረው ምባፔ ነጻ ተደርጎ ጎሉ ጸደቀ፣ ፈረንሳይም 2 ለ 1 አሸነፈች። በዓለም ታላላቅ ሜዳዎች ይህን ያህል ያከራከረ ጉዳይ በወለጋ ሜዳዎች ቢያከራክር የሚያስደንቅ አይሆንም፤ የሚያስፈልገው ዳኛው ማብራሪያውን አውቆ በተግባር ማዋሉ ነው።

ደረጃ 1፦ ከጨዋታው በፊት ሜዳውን ማየትና ሥራን መከፋፈል

ዳኛው ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ከረዳቶቹ ጋር ሜዳውን ዞሮ ሊያይ ይገባል። በወለጋ የክረምቱ ዝናብ ብዙና ረጅም በመሆኑ የኖራ መስመር በአንድ ጨዋታ መካከል ታጥቦ ሊጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ የሜዳው አጋማሽ መስመርና የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ወሰን ቢደበዝዝ በምን እንደሚለይ፣ ለምሳሌ ከሜዳው ውጪ በተተከለ ምልክት፣ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። የአጋማሹ መስመር ለኦፍሳይድ ወሳኝ ነው፤ በራሱ የሜዳ ክፍል ወይም በመስመሩ ላይ የቆመ ተጫዋች ከጨዋታ ውጪ ቦታ ላይ ሊሆን አይችልምና።

በሰፈር ውድድር ረዳት ዳኞቹ ከተጋጣሚ ቡድኖች የተውጣጡ ወይም ሥልጠና ያላገኙ ሊሆኑ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ዋናው ዳኛ የሚጠብቅባቸውን በአጭሩና በሚቀላቸው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ ሊነግራቸው ይገባል። ረዳቱ የቦታን ጥያቄ በእርግጠኝነት እንዲመልስ፣ የተከላካይን ንክኪ ዓይነት የሚፈርደው ግን ዋናው ዳኛ መሆኑን፣ የተነሳ ባንዲራ ምክር እንጂ ውሳኔ አለመሆኑንና ጨዋታን የሚያቆመው ፊሽካ ብቻ መሆኑን ማስረዳት ብዙ ጠብ ያስቀራል። ይህንኑ ለሁለቱ አምበሎች ዕጣ ሲወጣ መድገምም ተገቢ ነው፤ ባንዲራ አይቶ የቆመ ተከላካይ ጎል ቢገባበት የሚወቅሰው ዳኛውን ነውና።

ደረጃ 2፦ ትክክለኛውን መስመር መያዝ

የረዳት ዳኛ ቦታ ከሁለተኛው የመጨረሻ ተከላካይ ጋር ትይዩ ነው፤ ኳሱ ከዚያ ተከላካይ ይልቅ ለጎሉ መስመር ከቀረበ ደግሞ ከኳሱ ጋር ይስተካከላል። ሁለተኛው የመጨረሻ ተከላካይ ሲባል ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ወደ ጎሉ መስመር ከቀረቡት ሁለት ተጫዋቾች የፊተኛው ማለት ነው፤ ግብ ጠባቂው ወጥቶ ከሄደ ሁለቱም የሜዳ ተጫዋቾች ሊሆኑ ይችላሉ፣ ልምድ የሌለው ረዳት በብዛት የሚሳሳተውም በዚህ ነው። ረዳቱ አንድ እርምጃ እንኳ ወደ ኋላ ቢቀር በማዕዘኑ ምክንያት እኩል የቆሙ ሁለት ተጫዋቾች አንዱ የቀደመ መስለው ይታዩታል፤ ስለዚህ አጭር ርቀት ሲሆን ፊቱን ወደ ሜዳው አድርጎ በጎን እየተራመደ ተከላካዩን መከተል አለበት።

ቦታ የሚለካው በጭንቅላት፣ በአካልና በእግር ነው። ክንድና እጅ፣ የግብ ጠባቂውም ጭምር፣ አይቆጠሩም፤ የክንድ መጀመሪያ ተብሎ የሚወሰደው የብብት ታችኛ ጫፍ ነው። ከእነዚህ የሚቆጠሩ የአጥቂው አካላት አንዱ በተቃራኒው የሜዳ ክፍል ውስጥ ሆኖ ከኳሱም ከሁለተኛው የመጨረሻ ተከላካይም ይልቅ ለጎሉ መስመር ከቀረበ አጥቂው ከጨዋታ ውጪ ቦታ ላይ ነው፤ እኩል ከሆነ ግን አይደለም። በዚህ ቦታ መገኘት በራሱ ጥፋት እንዳልሆነም ዳኛው ዘወትር ሊያስታውስ ይገባል።

ደረጃ 3፦ ኳሱ የተነካበትን ቅጽበት መያዝ

የአጥቂው ቦታ የሚመዘነው ኳሱን ሲቀበል ሳይሆን የቡድን ጓደኛው ኳሱን በመታበት ወይም በነካበት ቅጽበት ነው። ወደ ጎል የሚሮጥ አጥቂና ከጎል የሚወጣ ተከላካይ እያንዳንዳቸው በሰከንድ 5 ሜትር ቢሮጡ በአንድ አምስተኛ ሰከንድ ውስጥ በመካከላቸው የ2 ሜትር ልዩነት ይፈጠራል፤ ዳኛው ከቅጽበቱ ትንሽ ቢዘገይ በትክክለኛ ቦታ የነበረውን አጥቂ ጥፋተኛ የሚያደርገውም ለዚህ ነው። ረዳቱ ዓይኑን በተከላካዩ መስመር ላይ አድርጎ የኳሱን መመታት በጆሮውና በዓይኑ ጠርዝ እየተከታተለ፣ ኳሱ ሲመታ ያየውን አቋም በአእምሮው መያዝ አለበት። ከዚያ በኋላ ተጫዋቾች የትም ቢሮጡ የያዘውን አይለውጥም።

እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። ከመልስ ምት፣ ከእጅ ውርወራና ከማዕዘን ምት በቀጥታ ኳስ የተቀበለ ተጫዋች የትም ቢቆም ኦፍሳይድ አይሆንም። በቅጣት ምት ግን ሕጉ እንደተለመደው ይሠራል።

ደረጃ 4፦ ተሳትፎውን ጠብቆ ማየት

አጥቂው ከጨዋታ ውጪ ቦታ ላይ መሆኑ ሲታወቅ ረዳቱ ባንዲራውን ወዲያውኑ ማንሳት የለበትም፤ አጥቂው በጨዋታው መሳተፉን እስኪያረጋግጥ ይጠብቃል። ተሳትፎ በሦስት መንገድ ይገለጻል። አንደኛው ከጓደኛው የመጣውን ኳስ መጫወት ወይም መንካት ነው። ሁለተኛው ተቃራኒን ማወክ ሲሆን ይህም የግብ ጠባቂውን እይታ በግልጽ መጋረድን፣ ከተቃራኒ ጋር ለኳስ መሻማትን፣ ቅርብ ያለን ኳስ በግልጽ ለመጫወት ሞክሮ ተቃራኒውን ማደናቀፍን ወይም ተቃራኒው ኳሱን የመጫወት ዕድሉን በግልጽ የሚነካ እንቅስቃሴ ማድረግን ያጠቃልላል። ሦስተኛው ጥቅም ማግኘት ነው፤ ይኸውም ከቋሚው፣ ከአግዳሚው፣ ከዳኛው ወይም ከተቃራኒ አካል ተመልሶ ወይም ተጨርፎ የመጣን፣ ወይም በተቃራኒ የዳነን ኳስ መጫወት ነው።

መጠበቅ ሲባል ግን ማመንታት ማለት አይደለም። ኳሱን ማግኘት የሚችለው ከጨዋታ ውጪ የነበረው አጥቂ ብቻ እንደሆነና ሌላ ጓደኛው ሊደርስበት እንደማይችል ግልጽ ከሆነ፣ አጥቂው ኳሱን ሳይነካም ባንዲራ ሊነሳ ይችላል፤ በተለይ አጥቂውና ግብ ጠባቂው በጭቃ ላይ እየተንሸራተቱ ሊጋጩ ሲቃረቡ ፈጥኖ ማንሳት ተጫዋቾችን ከጉዳት ያድናል።

ደረጃ 5፦ የተከላካዩን ንክኪ መመዘን

በኦፍሳይድ ውሳኔ ውስጥ ከሁሉም ከባዱ ይህ ደረጃ ነው። ደንቡ እንዲህ ይላል፤ ተከላካዩ ኳሱን ሆን ብሎ ከተጫወተው ከጨዋታ ውጪ የነበረው አጥቂ ኳሱን ቢያገኝ ጥፋት የለበትም፤ ኳሱ ተከላካዩን ነክቶ ከተጨረፈ ወይም ተከላካዩ ጎል እንዳይሆን ካዳነው ግን ጥፋቱ ይቀጥላል። ማዳን ማለት ወደ ጎል ወይም ወደ ጎሉ በጣም ተጠግቶ የሚሄድን ኳስ ማስቆም ወይም ለማስቆም መሞከር ነው፤ ይህን የሚያደርገው ግብ ጠባቂው ብቻ ሳይሆን በእግሩ ወይም በጭንቅላቱ የሚመልስ ተከላካይም ሊሆን ይችላል።

በ2022ቱ ማብራሪያ መሠረት ሆን ብሎ መጫወት የሚባለው ተከላካዩ ኳሱን ለጓደኛው የማቀበል፣ በቁጥጥሩ ሥር የማዋል ወይም የማራቅ ዕድል ሲኖረው ነው። ወደ ኳሱ መንቀሳቀሱ ወይም መንካቱ ብቻውን አይበቃም። ዕድሉ ካለው በኋላ ምቱ ቢበላሽበት ግን መበላሸቱ ፍርዱን አይለውጥም። ዳኛው ራሱን እነዚህን ሊጠይቅ ይገባል፤ ኳሱ ከሩቅ መጥቶ ተከላካዩ በግልጽ አይቶት ነበርን፣ ፍጥነቱስ ዝግ ያለ ነበርን፣ አቅጣጫው ያልተጠበቀ አልነበረምን፣ ተከላካዩ ሰውነቱን ለማዘጋጀት ጊዜ ነበረው ወይስ በደመ ነፍስ ተዘርግቶ ወይም ዘሎ ነው የደረሰበት፣ ኳሱ በመሬት ነበር ወይስ በአየር። በመሬት የሚሄድ ኳስ በአየር ከሚመጣው ይልቅ ለመጫወት ይቀላል፤ ነገር ግን ውኃ በቋጠረ ሜዳ ላይ ኳስ በድንገት ሊንሸራተት ወይም ሊቆም ስለሚችል የአቅጣጫውና የፍጥነቱ ጥያቄ በጥንቃቄ መታየት አለበት።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። አረንጓዴና ነጭ ማልያ የለበሱ ሁለት ቡድኖች ሲጫወቱ የነጩ 9 ቁጥር ከጨዋታ ውጪ ቦታ ላይ ሳለ ጓደኛው ከመሀል ሜዳ በረጅሙ ያሻግርለታል እንበል። የአረንጓዴው ተከላካይ ወደ ኋላ እየሮጠ ዘሎ ኳሱን በፀጉሩ ጫፍ ቢነካውና ኳሱ 9 ቁጥር ጋ ቢደርስ፣ ተከላካዩ ኳሱን የመቆጣጠር ዕድል ስላልነበረው ውሳኔው ኦፍሳይድ ነው። ይኸው ተከላካይ ቆሞ፣ ኳሱን ከ30 ሜትር ጀምሮ እያየ፣ ለግብ ጠባቂው በጭንቅላቱ ሊያቀብል አስቦ ኳሱ ቢያጥርበትና 9 ቁጥር ቢቀድመው ግን ኦፍሳይድ የለም፤ የተከላካዩ ስህተት የራሱ ነው። ሌላው የነጭ ተጫዋች ወደ ጎል መትቶ ግብ ጠባቂው ሲተፋው፣ ኳሱ ሲመታ ከጨዋታ ውጪ የነበረው 9 ቁጥር የተተፋውን ቢያስቆጥር ጎሉ አይጸድቅም፤ ማዳን የአጥቂውን ጥፋት አያነሳምና። በመጨረሻም 9 ቁጥር ኳሱን ጨርሶ ሳይነካ በግብ ጠባቂው ፊት ቆሞ እይታውን ከጋረደና ኳሱ ከገባ፣ ተቃራኒን በማወኩ ጎሉ ይሰረዛል።

ደረጃ 6፦ ተመካክሮ መወሰን

ረዳቱ ባንዲራውን በቀኝ እጁ ቀጥ አድርጎ ካነሳ በኋላ ዋናው ዳኛ እስኪያየው ድረስ ወይም ኳሱ በግልጽ በተከላካዩ ቡድን እጅ እስኪገባ ድረስ አያወርደውም። ዋናው ዳኛ ባንዲራውን ሲያይ አንድ ነገር መመዘን አለበት፤ ረዳቱ ያላየው የተከላካይ ንክኪ አለ ወይ የሚለውን። ከሌለ ፊሽካውን ይነፋል። ተከላካዩ ሆን ብሎ መጫወቱን ራሱ በእርግጠኝነት ካየ ግን ለረዳቱ በእጁ ምልክት ሰጥቶ ባንዲራውን ያስወርድና ለተጫዋቾች በሚሰማ ድምፅ ጨዋታው እንደቀጠለ ይነግራቸዋል።

ጎል ከገባ በኋላ ጥርጣሬ ካለ ዳኛው ወደ ረዳቱ ሄዶ ተጫዋቾችን በማራቅ ሊያነጋግረው ይችላል። በዚህ ጊዜ "ኦፍሳይድ ነው?" ብሎ መጠየቅ የተሻለ መንገድ አይደለም፤ ጥያቄው አራቱን ጉዳዮች አንድ ላይ ስለሚያጨፈልቅ መልሱም ግልጽ አይሆንም። "ኳሱ ሲመታ 9 ቁጥር የት ነበር? ከዚያ በኋላ ኳሱን ማን ነካው?" ብሎ መጠየቅ ረዳቱ ያየውን ብቻ እንዲናገር ያደርገዋል፤ ፍርዱን የሚሰጠው ዋናው ዳኛ ነው። ጨዋታው ከመሀል ከተጀመረ በኋላ ውሳኔን መለወጥ ስለማይፈቀድ ምክክሩ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት።

ደረጃ 7፦ ውሳኔን ማሳወቅና ጨዋታን ማስቀጠል

ኦፍሳይድ ሲወሰን ለተከላካዩ ቡድን ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ይሰጣል፤ ይህም ሌላ ተጫዋች ሳይነካው በቀጥታ ቢገባ እንደ ጎል የማይቆጠር ምት ነው። ምቱ የሚመታው አጥቂው በጨዋታው ከተሳተፈበት ቦታ ነው፤ አጥቂው ኳሱን ለመቀበል ወደ ራሱ የሜዳ ክፍል ተመልሶ ከሆነም ከዚያው ይመታል። ረዳቱ ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ባንዲራውን ለሩቁ የሜዳ ክፍል ወደ ላይ አዘንብሎ፣ ለመካከለኛው አግድም፣ ለቅርቡ ደግሞ ወደ ታች አዘንብሎ ቦታውን ያመለክታል።

ፊሽካው በስህተት ቢነፋና ዳኛው ወዲያው ቢገነዘበው፣ ከፊሽካው በኋላ የገባ ጎል ሊጸድቅ አይችልም፤ ጨዋታው ዳኛው ኳሱን ለአንድ ተጫዋች መሬት በሚጥልበትና ሌሎቹ ቢያንስ 4 ሜትር በሚርቁበት ሥርዓት ይቀጥላል። በስህተት የተነፋን ፊሽካ መልሶ የሚያነሳ ሕግ ስለሌለ፣ እርግጠኛ ያልሆነ ዳኛ ፊሽካውን ከአፉ አርቆ ሁለት ሰከንድ ቢጠብቅ ከጥፋት ይድናል።

ደረጃ 8፦ ከጨዋታው በኋላ መገምገም

በዓለም ዋንጫ የቪዲዮ ረዳት ዳኛ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራበት እ.ኤ.አ. በ2018 በሩሲያ ነው፤ ለዚያ ውድድር ከአፍሪካ ከተመረጡት ዋና ዳኞች አንዱ ኢትዮጵያዊው ባምላክ ተሰማ ነበር፤ ሊዲያ ታፈሰም በ2015 እና በ2019 የሴቶች የዓለም ዋንጫዎች ለዳኝነት ተመርጣለች። በጉቴም ሆነ በነቀምቴ የሰፈር ሜዳዎች የሚዳኝ ሰው ግን ተመልሶ የሚያየው ምስል ስለሌለው፣ የዳኞቹ ቡድን ከጨዋታው በኋላ ተቀምጦ አከራካሪዎቹን ውሳኔዎች በአራቱ ጥያቄዎች ቅደም ተከተል እንደገና ማየት አለበት። ስህተቱ በቦታ፣ በቅጽበት፣ በተሳትፎ ወይስ በንክኪ ፍርድ ላይ እንደተፈጠረ ከታወቀ የሚታረምበት መንገድም ይታወቃል፤ የቦታ ስህተት በረዳቱ አቋቋም፣ የቅጽበት ስህተት በትኩረት ልምምድ፣ የንክኪ ስህተት በዋናው ዳኛና በረዳቱ መግባባት ይስተካከላል።

ዳኝነት በወለጋ ከተሞች ብዙውን ጊዜ ከስድብ በቀር ምስጋና የማይገኝበት ሥራ ነው፤ ነገር ግን በሰፈር ሜዳ የሚጫወቱ ታዳጊዎች ሕግ ለሁሉም እኩል እንደሚሠራ በመጀመሪያ የሚያዩት በዳኛው ፊሽካ ነው። ስለዚህ ዳኛው ለውሳኔው ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ "ኳሱ ሲመታ ቀድመህ ነበር፣ ተከላካዩም አልተቆጣጠረውም" ብሎ ለአምበሉ ሊያስረዳ መቻል አለበት፤ ይህን ማለት የሚችል ዳኛ አራቱንም ጥያቄዎች በተራ መመለሱን በዚያው ያረጋግጣል።